ዘይነባ፣ ሬዲዮኗና የጣሪያዬ ድንጋዮች

የበደለችኝ ዘይነባ ናት። ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፤ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ይሸጥ በነበረበት፣ ሰኔ ገና ሲብት። እኔ ሰኞ ገበያ ወርጄ ሳለሁ ጣሪያዬ ላይ የነበሩትን ድንጋዮች አስነስታ በራሷ ጣሪያ ላይ አስጫነች። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲፈርድልኝ አይደለም። ፍርዱን እኔው ከሰጠሁ ቆይቻለሁ። የምጽፈው እንዲታወቅ ነው።

ሌላ አገር ያለ ሰው፣ ድንጋይ ተነሳ ተብሎ ደግሞ ይጻፋል ወይ ይል ይሆናል። እሱ ደሴ ከርሞ አያውቅም። የእኛ ሰኔ የሚጀምረው በዝናብ አይደለም፤ በንፋስ ነው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ከዝናቡ ቀድሞ ይመጣና ቤት ለቤት ይፈትሻል። በዚያ ዘመን ቤት ለቤት የሚፈትሽ ብዙ ነበር፤ ንፋሱ ግን ከሁሉም ይብስ ነበር፤ አቤት የሚባልበት የበላይ አካል የለውምና። ምስማሩ የላላ ቆርቆሮ ካገኘ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ አቅም ያለው ሰው ጣሪያውን ያስጠግናል፤ አቅም የሌለው ድንጋይ ይጭንበታል። እኔ ድንጋይ ከሚጭኑት ወገን ነበርኩ። ድንጋዮቼንም እንዲሁ ከመንገድ ያነሳኋቸው አይደሉም፤ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን፣ የማይንከባለለውን መርጬ ነው ያስመጣሁት።

የእኔና የዘይነባ ቤት በአንድ ረጅም ጣሪያ ሥር ነው። ድሮ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ነበር፤ የትርፍ ቤት አዋጁ ሲወጣ የቀበሌ ሆነና ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለእሷ ደረሰን። መሀላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ ጣሪያውን ሳይነካ ነው የቀረው። በዚያ ክፍተት የእሷ ጭስ ወደ እኔ፣ የእኔ ሳል ወደ እሷ ይሻገራል። ከሁሉም በላይ ግን የሚሻገረው ሬዲዮኗ ነው።

ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሲሞት ሬዲዮ ትቶላት ሄደ። እሷም በሰው ፋንታ ሬዲዮ ማድመጥ ያዘች። በየማለዳው ስለ እንስሳው፣ ስለ ከዋክብቱ፣ ስለ ሩቅ አገር ልማድ የሚያወራ ዝግጅት አለ። እሱን ታዳምጥና ያዳመጠችውን ለዶሮዋ ትነግራታለች። ለዶሮ የምትነግረው እኔን ስለማታናግረኝ ነው። እኔም አላናግራትም። የተኳረፍነው ከድንጋዩ በፊት፣ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ የተኳረፍንበትን ምክንያት ሁለታችንም ረስተነዋል፤ እኔ ያልረሳሁት ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ብቻ ነው።

"አንቺ ዶሮ፣" ትላለች ከወዲያ፣ "ግመል ሻኛዋ ውስጥ ውሃ ነው የምትይዘው የሚሉ ጃሂሎች አሉ። ስብ ነው። ውሃ አይደለም።"

"ውሮ፣" እላለሁ እኔ ለድመቴ፣ "አንዳንድ ሰው ባቲ ወርዶ ግመል እንኳ በቅጡ ሳያይ ሻኛውን ቀዶ የገባበት ይመስለዋል።"

"አንቺ ዶሮ፣ ንብ ሰው ከነደፈች በኋላ ትሞታለች። ምላሷ እንደ ንብ የሆነ ሰው ግን ሲናደፍ ይኖራል።"

"ውሮ፣ ጆሮሽን ዝጊ።"

እንዲህ እንዲህ እያልን ኖርን። እኔ አንድ ቀን እንኳ አዎ ብያት አላውቅም። ሰማዩ ሰማያዊ ነው ብትል አይደለም እላለሁ። ደግሞም በደሴ ሰኔ ሰማዩ ሰማያዊ አይደለም።

ስለ ሰኔ ካነሳሁ አይቀር፣ ወሩ ራሱ ግራ የሚያጋባ ነው። ቀኑ ከዓመቱ ሁሉ የሚረዝመው በዚህ ወር ነው ይላሉ። ለእኛ ምን ያደርግልናል፤ ጉሙ ከጠዋት እስከ ማታ ተኝቶብን ይውላል፤ የረዘመው ቀን ሳይሆን የረዘመው ምሽት ይመስላል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አሸኑ ከመሬት ይፈላና በየመብራቱ ይጋገራል፤ ጠዋት ስንነሳ ክንፉን ደጃፍ ላይ አራግፎ ሄዷል። ይህን ያህል ደክሞ ያበቀለውን ክንፍ ለአንድ ምሽት በረራ። እኔ ስለ ነገሩ አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ሳስብ ዘይነባ ለዶሮዋ ማብራሪያ ሰጠች። ከዚያ ወዲህ በልቤ ነው የማስበው።

ወደ ድንጋዩ ልመለስ። ከገበያ ስመለስ ጣሪያዬ ራቁቱን ሆኖ፣ የእሷ ደግሞ እንደ መቃብር ድንጋይ ተቆልሎበት አገኘሁት። ደጃፌ ላይ ቆሜ ለድመቴ ጮክ ብዬ ጠየቅኋት።

"ውሮ፣ ድንጋዮቼን ማን ወሰዳቸው?"

"አንቺ ዶሮ፣" አለች ከውስጥ፣ "ሬዲዮኑ ኃይለኛ ንፋስ ይመጣል ብሏል። ድንጋዮቹ ደግሞ መሀል ላይ ነበሩ። መሀል ላይ ያለ ነገር የቀደመ ሰው ንብረት ነው።"

መሀል ላይ አልነበሩም። ይህን እስክሞት እናገራለሁ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ነገሩን ለእግዜር ሰጥቼ ዝም እል ነበር። ያን ሰኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ገራዶ ወርዳ ያገባችው ልጄ እልፍነሽ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። አልጋዋን አንጥፌ፣ የገንፎ እህሏን አስፈጭቼ፣ ቅቤዋን አንጥሬ ተቀምጫለሁ። አልጋው ከአንዲት ማዕዘን በቀር ሌላ መቆሚያ የለውም። ድንጋዮቹ የተነሱት ከዚያች ማዕዘን በላይ ነው። አራስ ብርድ ከመታት ዕድሜ ልኳን እንደማይለቃት የማያውቅ የለም፤ ሕፃኑንማ ተዉት።

ንፋሱ በነጋታው መጣ። ዘይነባ እንዳለችው፤ ይህም ራሱ አናደደኝ። ቆርቆሮዬን ከማዕዘኑ ገነጠለና እንደ ጭልፊት ይዞት በረረ። እኔም ነጠላዬን እየጎተትኩ ተከተልኩት። ቆርቆሮው ሦስት ግቢ አቋርጦ ሄዶ ሄዶ ቀበሌው በር ላይ ወደቀ። መውደቁ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ በሩ ላይ የቆመውን መፈክር የተጻፈበትን ሰሌዳ ይዞት ነው የወደቀው።

ጥበቃው ቆርቆሮውን አሰረው። ቀልዴን አይደለም። በሲባጎ አስሮ መጋዘን አስገባውና ቆለፈበት። ሊቀ መንበሩ፣ ጓድ ይማም የሚባል፣ በልጅነቱ ንፍጡን የጠረግሁለት ልጅ ነው፤ ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ተቀምጦ አነጋገረኝ።

"ጓዲት፣ ነገሩ እስኪጣራ ቆርቆሮው እዚህ ይቆያል።"

"ምኑ ነው የሚጣራው? ንፋስ ነው የጣለው።"

"ንፋስ ነው የሚሉት እርስዎ ነዎት። ከጀርባው ማን እንዳለ አይታወቅም።"

"ከጀርባው ዘይነባ ናት።"

ይህን በማለቴ ትንሽ ደነገጥኩ፤ በዚያ ዘመን የሰው ስም እንዲህ አይጠራም ነበር። ጓድ ይማም ግን ሳቀ። ያን ቆርቆሮ በኋላ ስንት ጊዜ ጠየቅሁት። መንግሥት ተለወጠ፣ እሥረኛው ሁሉ ተፈታ፣ ቆርቆሮዬ ግን እስካሁን አልተፈታም።

"ልጄ ልትወልድ ነው፤" አልኩት። "አልጋዋ ላይ ሰማይ ይታያል። አሮጌም ቢሆን አንድ ቆርቆሮ ስጠኝ።"

"የጥገና ኮሚቴው ከክረምት በኋላ ነው የሚሰበሰበው።"

"ከክረምት በኋላ ቆርቆሮ ምን ያደርግልኛል?"

ጓድ ይማም እርሳሱን አዟዟረ። "አንድ መንገድ አለ፤" አለ። "ኮምቦልቻ ላይ የሴቶች ማኅበራት የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር አለ። ከየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ይላካል። ሽልማቱ ቆርቆሮ ነው፤ ደህና ቤት የሚያለብስ ቆርቆሮ። ዘይነባ ተመርጣለች። ሁለተኛዋን ምረጪ ብንላት የጠራችው የእርስዎን ስም ነው።"

"የእኔን? ለምን ብላ?"

"እኔ የምለውን ሁሉ አይደለም የምትል ሴት እሷ ብቻ ናት፤ ነገር ብታውቅ ነው፣ አለች።"

ሁለተኛው በደሏ ይህ ነው። ድንጋዬን ወስዳ አልበቃት ብሎ ስሜን ሰጠች። ግን ቆርቆሮ ሲባል ከአፌ እሺ የሚለው ቃል ወጣ።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ፒያሳ ላይ አውቶቡስ ተሳፈርን። ጉሙ ከመጥበቁ የተነሳ ሾፌሩን ከድምፁ ነው የለየነው። ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ በላዩ ጋቢ ጣል አድርጌበት ነበር። በዘይነባና በእኔ መሀል አንድ ሽማግሌ ሐጂ ተቀመጡ። ምስኪን ሰው ናቸው፤ ቦታው ባዶ መስሏቸው ነው።

"ሐጂ፣" አለች ዘይነባ ገና አውቶቡሱ ሳይነሳ፣ "ለዚያች ሹራብ ለደረበች ሴትዮ ይንገሩልኝ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ትቀቀላለች።"

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። "ሰምተሻል፣ እህቴ።"

"ሐጂ፣ ለዚያች ሬዲዮ ይንገሩልኝ። ሹራቡ የእኔ ነው።"

ሐጂ ወደ እሷ ዞሩ። "ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ። እንግዲያው ይጠይቁልኝ፤ ቀጭኔ አንገቷ ውስጥ ስንት አጥንት አላት?"

"ቀጭኔ፣" አሉ ሐጂ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ።

"ሰባት ነው በሏት፤" አልኩ። "ከሰው እኩል። ይህን ለመስማት ቀጭኔ መሆን አያስፈልግም፤ ጎረቤት መሆን ይበቃል።"

"ከማን ሰማችው ብለው ይጠይቁልኝ፣ ሐጂ።"

"ልጆቼ፣" አሉ ሐጂ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው፣ "እኔ የምወርደው ለቅሶ ልደርስ ነው። ከዚህ የባሰ ነገር እዚያ አይጠብቀኝም። ምንድን ነው ያጣላችሁ?"

"አልተጣላንም፤" አልን ሁለታችንም እኩል።

"አንነጋገርም እንጂ፤" አለች ዘይነባ።

"ከድሮም፤" አልኩ እኔ።

ሐጂ ዱዓ አደረጉልን። ለእኔም ለእሷም፣ ለአውቶቡሱም። ከዚያ ኮምቦልቻ ሳንደርስ ለቅሶው ቤት እዚሁ ነው ብለው ወረዱ። ዙሪያው ገደል ነበር፤ ቤት አልነበረበትም። አላህ ይስጣቸው፤ ያደረጉልን ዱዓ ግን እንደደረሰ ኋላ ታያላችሁ።

የደሴና የኮምቦልቻ ነገር እንዲህ ነው፤ አንድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው የሚለያያቸው፣ ግን ከላይ በጋቢ ተሳፍረህ ከታች በላብ ትወርዳለህ። ስንወርድ ጉሙ ከኋላችን ቀረ፤ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጭናችን ላይ ተቀመጠች። ሹራቤን ማውለቅ ነበረብኝ። ግን ዘይነባ ትቀቀላለች ብላለች። ካወለቅሁ ልክ ነበረች ማለት ነው። አላወለቅሁም።

ውድድሩ የሠራተኞች መሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አዳራሹ ሙሉ ሰው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ ጠባብ። ሌሎቹ ቀበሌዎች ረፋዱ ላይ ወድቀው ወድቀው በመጨረሻ የቀረነው እኛና የኮምቦልቻዎቹ ነን። ከኮምቦልቻ የቀረቡት ሰዓዳና ትርንጎ የሚባሉ ባልንጀሮች ናቸው። እንዲህ ያሉ የሚዋደዱ ሴቶች አይቼ አላውቅም። አንዷ ስትቀመጥ ሌላዋ ወንበሩን ትጠርግላታለች። በእረፍቱ ጊዜ ወደ እኛ መጥተው ፓፓያ ቆርጠው አቀረቡልን፤ ትርንጎ ላቤን አይታ በነጠላዋ ታራግብልኝ ጀመር።

"እትዬ፣ ሹራቡን ቢያወልቁት ምን አለበት?" አለችኝ።

"ይበርደኛል፤" አልኩ። ላቤ በአፍንጫዬ ጫፍ ይንጠባጠባል።

የውድድሩ ደንብ ሁለቱ ሴቶች ተመካክረው አንድ መልስ እንዲሰጡ ነው። ጠያቂው ድምፅ ማጉያ የያዘ፣ ፀጉሩን ያጎፈረ ወጣት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ስለ ሴቶች ነፃነት፣ ስለ ምርት፣ ስለ መደብ ነበሩ። ሁሉንም "በትግል" ብለን መለስን፤ ሁሉም ትክክል ነበር። ከዚያ ወደ እንስሳቱ መጣን።

"ግመል በሻኛዋ ውስጥ የምታከማቸው ምንድን ነው?"

ዘይነባ ፊቷን ወደ ጠረጴዛው አዞረች። "አንተ ብርጭቆ፣" አለች ዝግ ብላ፣ "መልሱን አንተ ታውቀዋለህ..."

"ስብ፤" አልኩ እኔ።

አዳራሹ አጨበጨበልኝ።

"ንብ ሰው ከነደፈች በኋላ ምን ትሆናለች?"

"አንተ ብርጭቆ..."

"ትሞታለች፤" አልኩ።

ጠያቂው ድምፅ ማጉያውን ወደ ዘይነባ አስጠጋ። "እናቴ፣ ከማን ጋር ነው የሚመካከሩት?"

"ከብርጭቆው ጋር።"

"ብርጭቆ ተወዳዳሪ አይደለም።"

"እሱ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤" አለች።

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ መልስ ላይ ነበርኩ። ስንት ዓመት በግድግዳው ላይ ያፈሰሰችብኝ ነገር ሁሉ፣ እኔ በንቀት ተቀብዬ የጣልኩት የመሰለኝ፣ ለካ አንዱም አልፈሰሰም። ቀጭኔው አለ፣ ግመሉ አለ፣ ንቡ አለ፣ ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ ተኮልኩሎ ቁሟል። አፍ የእኔ ነው፤ ዕውቀቱ የእሷ። ጭብጨባው ግን ለእኔ ነበር። ዘይነባ ብርጭቆውን አንስታ ውሃውን ጠጣችውና ባዶውን ደፍታ አስቀመጠችው። ከዚህ በኋላ ለብርጭቆም አልናገርም ማለቷ ነው።

የኮምቦልቻዎቹ ከእኛ እኩል ያውቁ ነበር። እንዲያውም ይበልጡናል። ያጠፋቸው ፍቅራቸው ነው።

"ሰጎን ከአንጎሏና ከዓይኗ የቱ ይበልጣል?" ብሎ ጠየቃቸው።

"አንቺ መልሺ፤" አለች ሰዓዳ።

"ኧረ አንቺ እያለሽ እኔ?" አለች ትርንጎ።

"ወላሂ አንቺ ካልመለስሽ አልመልስም።"

"እኔስ አንቺን ቀድሜ? በማርያም።"

"በሞቴ።"

"አንቺ አትሙቺብኝ፤ በይ ተናገሪ።"

ጊዜው አልቆ ደወሉ ተደወለ። ሁለቱም ተቃቅፈው ሳቁ። መልሱን ያውቁታል፤ ከደወሉ በኋላ እኩል "ዓይኗ" አሉ። ግን ደወሉ ተደውሏል። እንዲህ እየተግደረደሩ ሁለት ሦስት ጥያቄ አመለጣቸው። ወሎ ውስጥ ማዕድ ላይ እንዲህ መግደርደር ደግ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ግን አይሆንም። እኔ ዘይነባን ለመቅደም ስሽቀዳደም በጠብ ደረስንባቸው፤ እነሱ በፍቅር ወደ ኋላ ቀሩ። ይህን ለልጆች እንደ ትምህርት አልነግርም።

በመጨረሻ እኩል ሆንንና አንድ ጥያቄ ቀረ። ቀድሞ ደወሉን የደወለና የመለሰ ያሸንፋል ተባለ።

"ምድር ከፀሐይ እጅግ የምትርቀው በየትኛው ወር ነው?"

ሰዓዳና ትርንጎ ጀመሩ። "አንቺ በይ።" "ኧረ አንቺ።"

እኔ ደወሉን መታሁት። ከመታሁት በኋላ ነው አለማወቄን ያወቅሁት። ይህን ነገር ዘይነባ ለዶሮዋ ስትነግራት ትዝ ይለኛል፤ ስለ ፀሐይና ስለ ርቀት አንድ ነገር ብላለች። ግን ያን ጠዋት እንዳልሰማት ብዬ የብረት ድስት በአሸዋ እየፈገፈግሁ ነበር። ውርጩ የሚብሰው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ ፀሐይ ስትርቅ ይበርዳል፤ እንግዲያው ኅዳር መሆን አለበት። አፌ ኅዳር ሊል ተከፈተ። ወደ ዘይነባ ዘወር አልኩ። ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነበር። የእልፍነሽ አልጋ ትዝ አለኝ።

"ዘይነባ፤" አልኩ።

ስሟን የጠራሁት ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ነው። ድምፄ ራሱ እንግዳ ሆነብኝ።

"አቤት፣ የእልፍነሽ እናት፤" አለች ወዲያው፣ በሩ ጀርባ ቆማ ስትጠብቅ እንደነበረ ሰው።

"ታውቂዋለሽ?"

"አውቀዋለሁ።"

"በይዋ።"

"ለማን ልበለው? ለብርጭቆው?"

"ለእኔ።"

የደፋችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ አቀናችው። አስከፈለችኝ፤ ሂሳቧን አስከፈለችኝ። "ሰኔ ነው፤" አለች።

"ሰኔ? አሁን? እንዲህ እየተቃጠልን?"

"የተቃጠልሽው በሹራቡ ነው። ሬዲዮኑ ሰኔ ብሏል። መጨረሻው ላይ።"

ልቤ አላመነም። ዓመታት ሙሉ አይደለም ስላት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ልማዱ ምላሴ ላይ ተጣብቋል። ግን ልክ ያልሆነችበትን አንድ ቀን እንኳ ፈልጌ አጣሁባት። ንፋሱ ራሱ ይመጣል ባለች ማግስት ነው የመጣው።

"ሰኔ፤" አልኩ በድምፅ ማጉያው።

ልክ ሆነ። ሰዓዳና ትርንጎ ከማንም ቀድመው መጥተው ሳሙን። ላቤን እየጠረጉ፣ ልጄ ልትወልድ መሆኑን ስነግራቸው የተረፈውን ፓፓያ በዘንቢል ለአራሷ ብለው ሰጡን። ሹራቤን ያን ጊዜ አወለቅሁ። ዘይነባ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ይህንንም አልረሳላትም።

ቆርቆሮው አውቶቡስ ላይ ተጫነ። ዳገቱን ስንወጣ ዝናቡ ተቀበለን፤ ከላያችን ቆርቆሮው ላይ እንደ ነጋሪት ይመታል። ጎን ለጎን ነበር የተቀመጥነው፤ መሀላችን ማንም አልነበረም። ብዙ አላወራንም። ልምድ የለንም።

ፒያሳ ላይ ጓድ ይማም ከጥበቃዎቹና ከአጨብጫቢ ጋር ቆሞ ጠበቀን። ንግግር አደረገ። ከዚያ ቆርቆሮው ከአውቶቡሱ ወርዶ በጋሪ ወደ ቀበሌው መዝናኛ ክበብ ሲሄድ አየሁ።

"አንተ ልጅ፣ ወዴት ነው?" አልኩት።

"ጓዲት፣ ድሉ የሰፊው ሕዝብ ነው። የሰፊው ሕዝብ ክበብ ደግሞ ያፈሳል።"

"እኔስ?"

"እርስዎ የሰፊው ሕዝብ አካል ነዎት። ዝናብ ሲጥል ክበቡ ውስጥ ገብተው መጠለል ይችላሉ።"

"ልጄስ የት ትወልዳለች? ቢራ ሳጥን ላይ?" አልኩት። እሱ ግን ወደ ጋሪው ሄዷል። ዘይነባ እጄን ያዘችኝ። "ነይ እንሂድ፤" አለች። "ዛሬ ሁለት ጊዜ ድል መንሳት አይቻልም።"

ቤት ስንደርስ ገና አልመሸም። ደጃፌ ላይ በቅሎ ቆማለች። አማቼ፣ አስተማሪ ነው፣ ኮፍያው ውሃ እያንጠባጠበ ወዲያ ወዲህ ይላል። እልፍነሽ መቃኑን ተደግፋ ወገቧን ይዛለች። ምጡ መንገድ ላይ ነው የጀመራት። በሩን ከፈትኩ። አልጋው ላይ ውሃ ቆሟል። ያነጠፍኩት ሁሉ፣ ያን ያህል የለፋሁበት፣ እንደ ረጠበ ቡችላ ተኮራምቷል። ድመቴ ብቻ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጋ ሞሰብ ላይ ወጥታለች።

አላለቀስኩም። እንባ ማውጣት ጀምሬ ነበር፤ ግን ዘይነባ ከኋላዬ ነበረች፤ ዋጥኩት።

"ወደ እኔ አስገቧት፤" አለች።

"ወደ አንቺ?"

"ደረቅ ነው። ድንጋይ ተጭኖበታል።"

"የእኔ ድንጋይ።"

"መሀል ላይ ነበር።"

"መሀል ላይ አልነበረም።"

"እማዬ፣" አለች እልፍነሽ ጥርሷን ነክሳ፣ "አስገቡኝና ተጨቃጨቁ።"

በአንድ እጇ እኔ፣ በአንድ እጇ ዘይነባ ይዘን አስገባናት። የዘይነባን ቤት ከውስጥ ያየሁት ያን ዕለት ነው። አልጋው ንጹሕ፣ ጣሪያው ድርቅ ያለ። ሬዲዮኑ መደርደሪያ ላይ ጥልፍ ለብሶ ተቀምጧል። ትንሽ ነው፤ እኔ በድምፁ ቁም ሳጥን ያክላል ብዬ ነበር። ዘይነባ አዋላጇን አስጠራች፣ ውሃ ጣደች፣ ባሏ ይተኛበት የነበረውን ፍራሽ ለአማቼ ደጅ በረንዳ ላይ አነጠፈችለት። የሰፈሩ ሴቶች መጡ። እኛ ክርስቲያኖቹ "ማርያም ማርያም" ስንል ሙስሊሞቹ "ያ ረቢ" ይላሉ፤ ያ ቤት እንዲህ ያለ ልመና ሰምቶ አያውቅም።

ምጡ ሲጠናባት እልፍነሽ ከአሁን በኋላ አልችልም አለች። ያን ጊዜ ዘይነባ ግንባሯን እየጠረገች ጎንበስ አለችባት።

"አብሽሪ፣ ልጄ። ዝሆን ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አርግዛ ነው የምትወልደው፤ ታውቂያለሽ?"

እልፍነሽ ዓይኗን ገለጠች። "ሁለት ዓመት?"

"ሁለት ዓመት። ግልገሉ ደግሞ እንደ ጥጃ ነው፣ ከዚህ አልጋ ይከብዳል።"

ልጄ ምጥ ላይ ሆና ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ግማሹ ጩኸት ነው። "እንኳን ዝሆን አላደረገኝ፤" አለች። "ሌላ ንገሪኝ።" ዘይነባም ነገረቻት። ግመሉን፣ ሰጎኗን፣ ቀጭኔዋን፣ በግድግዳው ላይ ስትነግረኝ የኖረችውን ሁሉ። እኔ በእግሯ በኩል ቆሜ እያንዳንዱን ቀድሜ አውቀው ነበር። አንዱንም አይደለም አላልኩም። መሸት ሲል ልጅቱ ተወለደች። የእሷን የሚያህል ድምፅ ያለው ሕፃን አላየሁም፤ ዝናቡን በላችው።

እግዜርን አመሰገንኩ። ማርያምን አመሰገንኩ። አዋላጇን፣ ሐጂን፣ ሰዓዳንና ትርንጎን፣ በቅሎዋንም አመሰገንኩ። ዘይነባ ከጎኔ ቆማ ስሟ እስኪደርስ የጠበቀች መሰለኝ። አልጠራሁትም። ቂም ያለበት ሰው ምስጋናው ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ከገንፎው ድስት ጫፍ ጫፉን ሳይሆን ቅቤ የተኛበትን መሀሉን አውጥቼ ሰጠኋት። በላችው። ከዚያ ደግሞ ገንፎ ከየትኛው እህል እንደሚሻል ነገረችኝ።

ለአራሷ ዶሮ ሲታረድ ሁለት ታረደ፣ አንዱ በሙስሊም አንዱ በክርስቲያን እጅ፤ በሁለት ድስት ተሠርቶ በአንድ ቤት ተበላ። ጓድ ይማምም መጥቶ ማርያም ማረችሽ አለ። ክበቡ አሁንም ያፈስ እንደሆነ ጠየቅሁት። ያፈሳል አለ፤ ቆርቆሮውን የመታው ሰው ምስማር ቆጥቧል።

በደሏን ግን አልተውኩም። ድንጋዮቹ መሀል ላይ አልነበሩም።

በሳምንቱ አማቼ ከገራዶ ቆርቆሮ አምጥቶ ጣሪያዬን መታው። ደህና አድርጎ ነው የመታው፤ ጠብታ አያስገባም። እኔ ግን ክረምቱን ዘይነባ ቤት ከረምኩ።